ዛሬ የሚጫወተው ማን ነው? ተለዋዋጭ ተጫዋቾች ስላሏቸው የጃዝ ባንዶች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ይኸውም መሠረታቸውን ጃዝ አድርገው ሌሎች የሙዚቃ ስልቶችን ስለሚቀላቅሉና ተጫዋቾቻቸውን በየመድረኩ ስለሚለዋውጡ የከተማችን ባንዶች ነው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጠን፣ ሐሳባቸውን ሳናዛባ አሳጥረን፣ ከመልሶቻቸው ጋር እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ በመስቀል አደባባይ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ሆቴል ሐሙስ ማታ የሚጫወት ባንድ እጅግ ወድጄ በሳምንቱ ከባለቤቴ ጋር ተመልሼ ሄድኩ። የባንዱ ስም ያው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ትራምፔት ይነፋ የነበረው ወጣት ግን የለም። በእርሱ ቦታ ማሲንቆ የያዘች ሴት ተቀምጣለች፤ ድራም ተጫዋቹም ሌላ ሰው ነው። የመግቢያው ዋጋ ሳይለወጥ ሰዎቹ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። እኔ የክቡር ዘበኛንና የፖሊስ ሠራዊትን ኦርኬስትራዎች እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ባንድ ሲባል ተለይተው የሚታወቁ ሰዎች ስብስብ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው አሠራር አድማጭን ማታለል አይሆንም ወይ?
(ጡረተኛ መምህር፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ቅሬታዎ ከየት እንደሚነሣ ደብዳቤዎ ራሱ ስለሚናገር ከዚያው እጀምራለሁ። እርስዎ እያዩ ያደጉት ኦርኬስትራዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች፣ እንዲሁም በ1948 ዓ.ም. የተመረቀውና ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሙዚቀኛውን በደመወዝ ቀጥረው፣ የደንብ ልብስ አልብሰው፣ መሣሪያ ሰጥተው ያሠሩት ነበር። ሳክስፎኑ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት በመሆኑ ነፊው ወደ ሌላ ባንድ ልሂድ ቢል ባዶ እጁን ነበር የሚሄደው። በየመድረኩ ያው ሰው በያው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ያደረገው እንግዲህ የሙዚቃው ባሕርይ ሳይሆን የቅጥሩ ሁኔታ ነው። ሆቴሎች የራሳቸውን ባንድ ማስጫወት ሲጀምሩ፣ የራስ ሆቴል፣ የግዮንና የሂልተን ዘመን ሲመጣ፣ ከአንዱ ባንድ ወደ ሌላው መዘዋወር የተለመደ ሆነ። በሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጉዞ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ ከፊሎቹ ወደ አዲስ አበባ መመለሳቸውን ያስታውሱ ይሆናል።

ወደ ጃዙ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ የመጀመሪያዎቹን አልበሞቻቸውን ሲቀርጹ ባንዳቸውን የኢትዮጵያ ኩዊንቴት ብለው ሰይመውት ነበር፤ ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ግን የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ነበሩ። ኢትዮጵያዊ የሆኑት መሪውና ቅኝቱ ናቸው። አሜሪካዊው ድራም ተጫዋች አርት ብሌኪም ጃዝ ሜሴንጀርስ የተባለውን ባንዱን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በ1990 እስኪሞት ድረስ ሲመራ ተጫዋቾቹን እየለዋወጠ ነው የዘለቀው። ሊ ሞርጋን፣ ዌይን ሾርተር፣ ፍሬዲ ሃባርድና ዊንተን ማርሳሊስ በተለያየ ጊዜ በዚያ ባንድ ውስጥ አልፈው የራሳቸውን መንገድ ይዘው ወጥተዋል። በዘመናችን ደግሞ ቤዝ ተጫዋቹ ማይክል ሊግ እ.ኤ.አ. በ2004 በቴክሳስ፣ ዴንተን ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የመሠረተው ስናርኪ ፓፒ አለ። ይህ ባንድ ጃዝን ከፈንክ፣ ከጎስፔልና ከልዩ ልዩ አገሮች ሙዚቃ ጋር የሚያዋሕድ ሲሆን፣ ከሃያ የሚበልጡ ተጫዋቾችን በስም ይዞ በአንድ ምሽት መድረክ ላይ የሚያወጣው ግን የእነርሱን ግማሽ ያህል ነው። የትኛው ግማሽ እንደሚወጣ የሚወስነው የጉዞው መርሐ ግብርና የየሰዉ ሌላ ሥራ ነው። በአገራችን የጽዋ ማኅበር አባላት በሞትም በመንገድም እየተተኩ ማኅበሩ በስሙ እንደሚቀጥል ያለ ነው።

የእርስዎን ወገን የሚደግፍ ማስረጃም አለ፤ እርሱን መሸሸግ ተገቢ አይሆንም። በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ እጅ ኒሻን የተቀበለው አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን የሙዚቃ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የመሣሪያውን ሳይሆን የተጫዋቹን ስም ይጽፍበት እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። የባሪቶን ሳክስፎን ተጫዋቹ ሃሪ ካርኒ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ እስከ መጨረሻው አብሮት ቆይቷል። ኤሊንግተን ያለ እነዚያ ሰዎች ያው ኤሊንግተን አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገጥመኝ አልቃወመውም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ባንድ አለ። አንዱ ድምፁን በተወሰኑ ሰዎች ላይ የሠራ ነው፤ ሌላው ድምፁን በቅንብሩና በመሪው ጆሮ ላይ ሠርቶ ሰው ቢለዋወጥም እንዳይፈርስ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። እርስዎ ሐሙስ ማታ ያዩት ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ይህ ዓይነቱ በአዲስ አበባ የበዛው በውበት ምርጫ ብቻ አይደለም። አንድ ቤት ብቻውን ስምንት ሙዚቀኛ የሚያኖር ገንዘብ አይከፍልም። ጥሩ ድራም ተጫዋች በሳምንት ውስጥ በሦስት በአራት ባንድ ይሠራል፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ወራት ቅዳሜና እሑድ አይገኝም፤ ከድምፃዊ ጋር ወደ ውጭ አገር ከሄደ ደግሞ የሚመለሰው ጉዞው ሲያልቅ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ በተቃራኒው ሥራ ይቀዘቅዝና ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ ፈላጊ ይሆናል። ቤቶቹም ቢሆኑ አይበረክቱም። በፒያሳ በጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት፣ ጃዝአምባ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ወደመ፤ የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ለዓመታት አዝማሪውንና የጃዝ ተጫዋቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኝ የነበረው ፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከዚያ ተነሥቷል። ቋሚ ቤት በሌለበት ቋሚ ባንድ መጠበቅ ከባድ ነው።

ማታለል የሚሆነው መቼ እንደሆነ ግን መለየት ይቻላል። ማስታወቂያው ላይ የአንድን ታዋቂ ተጫዋች ፎቶግራፍ ለጥፎ ያ ሰው እንደማይመጣ እያወቀ ትኬት የሸጠ መሪ አታሏል፤ ይህንን ያለ ማመንታት እላለሁ። የዚያን ምሽት ተጫዋቾች ስም በማይክራፎን ሳይናገር ዝግጅቱን የጨረሰ መሪም፣ ማታለል ባይባልም፣ አድማጩንም ተጫዋቾቹንም አላከበረም። ከዚህ ውጭ ፍርዱን ለጆሮዎ ይተዉት። እንደገና ከሄዱ ትራምፔቱ ይጫወተው የነበረው የመግቢያ ዜማ አሁን በማን እጅ እንዳለ ያዳምጡ። ማሲንቆዋ ያንኑ ዜማ እንዳለ ለመኮረጅ የምትታገል ከሆነ መሪው ሳይዘጋጅ ክፍት ቦታ ሞልቷል ማለት ነው። ዜማው ወደ ሳክስፎኑ ተዛውሮ ማሲንቆዋ በየሐረጉ መጨረሻ የምትመልስ ከሆነ ግን መሪው ለእርስዋ ብሎ ቅንብሩን እንደገና ጽፏል፤ የከፈሉት ገንዘብም በዚያ ድካም ላይ ውሏል።

ጥያቄ፦ ክራር እወዳለሁ፤ ጃዝም አልጠላም። ሆኖም ትዝታና አንቺሆዬ በጃዝ ኮርድ፣ በሬጌና በሂፕ ሆፕ ምት ሲቀላቀሉ መልካቸውን የሚያጡ ይመስለኛል። ተጫዋቹ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ቅኝቱን የሚጠብቀው ማን ነው?
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ስጋትዎ መሠረት አለው፤ ይሁንና አደጋው ያለው እርስዎ በጠረጠሩት ቦታ አይደለም። ምት ቅኝትን አያጠፋም። ትዝታን በሬጌ ምት ቢጫወቱት ትዝታነቱ አይለቀውም፤ ዘፋኞቻችንም ይህንን ደጋግመው አሳይተዋል። ቅኝትን የሚያጠፋው ከዜማው ሥር የሚነጠፈው ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ፣ ነው፤ ይህም በቁጥርና በድምፅ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

ትዝታን ከዶ ብንጀምር ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋና ሲ የሉበትም። ጃዝ ከአንድ ኮርድ ወደ ማረፊያው ለመመለስ አዘውትሮ የሚጠቀምበት ኮርድ ግን ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ሲሆን፣ ጉልበቱን የሚያገኘው በትክክል ትዝታ ከሌሉት ከእነዚያ ከሁለቱ ድምፆች ነው። አዲስ የመጣ ኪቦርድ ተጫዋች እጁ የለመደውን ይህንን ኮርድ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ቢያስገባ፣ ዘፋኟ ከቅኝቱ ሳትወጣ እንኳ አድማጩ የሰማው ትዝታ ወደ ተራ የፈረንጅ ዜማ ይጠጋል። በአንቺሆዬ ላይ ደግሞ ስሕተቱ የከፋ ነው። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ደረጃ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ልዩነታቸው በሁለት ድምፅ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥር የሚጫወተው ሰው የዶን ኮርድ በልማድ ከሶል ጋር ከያዘው አንቺሆዬው በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ወደ አምባሰል መንሸራተት ይጀምራል። ይህንን የሚሰሙ አድማጮች ብዙ አይደሉም፤ የሚሰሙት ግን ፊታቸውን ሲያኮሳትሩ አይቻለሁ።

መፍትሔው ኮርድን መተው አይደለም። የትዝታን አምስት ድምፆች ከሚ ጀምረው በየአራተኛው ደረጃ ቢደረድሯቸው ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ይሆናሉ፤ ከቅኝቱ አንድም ድምፅ ሳይወጣ ሙሉና ዘመናዊ ድምፅ ያለው ኮርድ ይገኛል። ሌላው መንገድ ቤዙ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ እንዲደጋግም አድርጎ ኮርዱን ማሳነስ ነው፤ የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄም ሆኑ ከእርሳቸው በፊት ለቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ያቀናብሩ የነበሩት ነርሲስ ናልባንዲያን የደከሙበት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ አምስት ድምፅ ባለው ዜማ ላይ አሥራ ሁለት ድምፅ ያለውን መሣሪያ እንዴት አድርጎ ማጫወት ይቻላል የሚለው። መልሱን በወረቀት ላይ ጽፈው አስቀምጠውታል ማለት ይቻላል፤ ተለዋዋጭ ባንድ ከቋሚው ባንድ አንድ ብልጫ ቢኖረው ይህንን ወረቀት ለመጠቀም መገደዱ ነው። ለዓመታት አብረው የኖሩ ተጫዋቾች ቅኝቱን በልብ ስለሚያውቁት አይጽፉትም። ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄድ ተጫዋች ያለበት ባንድ ግን ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁንና የማይነኩትን ድምፆች በየወረቀቱ አናት ላይ መጻፍ ግድ ይለዋል። ስለዚህ «ማን ይጠብቀዋል?» ላሉት፣ የሚጠብቀው ቅንብሩን የጻፈው ሰው ነው፤ ካልጻፈ ማንም አይጠብቀውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ምሳሌ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። እኒህ ሰው ፉከራና ሽለላን ከአገር ቤት አፍ ወስደው በቴኖር ሳክስፎን ላይ አወጡት፤ በእርጅናቸው ዘመን ደግሞ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት መካከል፣ ያንኑ ሽለላ ነፉት። በዙሪያቸው የነበረው ድምፅ ሁሉ ባዕድ ነበር፤ ሽለላው ግን ሽለላ ነበር፤ ምክንያቱም ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ነበር የሚነፋው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሙዚቃ ተማሪ ነኝ፤ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። በከተማው ካሉት ተለዋዋጭ ባንዶች በአንዱ ተተኪ ሆኜ እንድጠራ እመኛለሁ። ድንገት ተደውሎ ሁለት ቀን ብቻ ቢሰጠኝ ከየት ልጀምር?
(ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ቀን ካገኘህ ዕድለኛ ነህ። ስናርኪ ፓፒ እ.ኤ.አ. በ2013 በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ ሙሉ አልበም በአድማጭ ፊት ሲቀርጽ፣ ድራም ተጫዋቹ ላርኔል ሉዊስ በድንገት ተጠርቶ ሙዚቃውን ያጠናው ከካናዳ ሲበር በአውሮፕላን ውስጥ ነበር። ዛሬ ብዙ የድራም ተማሪ የሚያጠናው የዚያን ቀን የተጫወተውን ነው። ይህንን የነገርኩህ ተአምር ጠብቅ ለማለት አይደለም፤ ሰውየው መቀመጫው ላይ ሆኖ ከበሮ አልነበረውም፤ ያደረገው ማዳመጥ ብቻ ነው። አንተም ጊታሩን ከማንሣትህ በፊት የተላከልህን ቅጂ ደጋግመህ ስማና የየዜማውን አካሄድ በራስህ እጅ ጻፍ። ኮርዱን ብቻ አትጻፍ፤ መግቢያው ስንት ባር (የምት ክፍል) እንደሆነ፣ ሁሉም የሚቆምበት ቦታ የት እንደሆነ፣ ከሶሎው፣ አንዱ ተጫዋች ጎልቶ ከሚጫወትበት ክፍል፣ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ ጻፍ። ተተኪ ተጫዋች የሚዋረደው ኮርድ ስለተሳሳተ አይደለም፤ ሁሉም ዝም ሲል እርሱ ብቻ ሲጫወት ነው።

ሁለተኛ፣ በዚህ ዓይነት ሙዚቃ የቤዙ ሐረግ ዘፈኑ ራሱ መሆኑን እወቅ። በሮክና በፖፕ ቤዝ ተጫዋች እንደ ስሜቱ ቢያሳምረው ቅር የሚለው የለም። በኢትዮ ጃዝ ግን ያችን አጭር ተደጋጋሚ ሐረግ ከለወጥካት ሶሎ የሚጫወተው ሰው መቆሚያ ያጣል። መሪው በመጀመሪያው ምሽት ከአንተ የሚፈልገው ጥበብ ሳይሆን ታማኝነት ነው። ሐረጉን ከሁለት ከሦስት የተለያዩ መነሻ ድምፆች መጫወት ልመድ፤ ምክንያቱም የዚያን ቀን የምትመጣው ድምፃዊት ሌላ ልትሆንና መነሻ ድምፁን ዝቅ አድርጉልኝ ልትል ትችላለች።

ከድራም ተጫዋቹ ጋር ሳትነጋገር መድረክ አትውጣ። ቺክቺካ የምንለው የእኛ ምት ስልት ስድስት ምት ያለው ሲሆን ለሁለት ባለ ሦስት ወይም ለሦስት ባለ ሁለት ተከፍሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ሁለታችሁ በተለያየ መንገድ ከቆጠራችሁት ዘፈኑ ከውጭ ትክክል እየመሰለ ከውስጥ ይናጋል። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻ) ላይ ቀድመህ ድረስና እግሩን አይተህ የመጀመሪያውን ምት የት እንደሚያሳርፍ እወቅ። ከዚያ በኋላ ዓይንህ ከመሪው አይነሣ። መሪው እጁን አናቱ ላይ ካደረገ ወደ ዋናው ዜማ ተመለሱ ማለቱ ነው፤ አራት ጣት ካሳየ ሶሎ ተጫዋቹና ድራሙ አራት አራት ባር እየተቀባበሉ ይጫወታሉ፤ የተጨበጠ እጅ ከፍ ካለ መዝጊያው ደርሷል። ባንድ ከባንድ ሊለያይ ስለሚችል አስቀድመህ ጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ወረቀትህን በስልክ ላይ ብቻ አትያዝ፤ መብራትም ቻርጅም ይጠፋል። ገመድህን፣ መቃኛህንና ትርፍ ክርህን ይዘህ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ይህ የሙዚቃ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። የተካኸው ሰው ሲመለስ ወንበሩን በፈገግታ ልቀቅለት፤ ከሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጋር ከመሪው ጀርባ ስለ ክፍያ አትነጋገር። በዚህ ከተማ የሙዚቀኛው መንደር ጠባብ ነው፤ ፒያሳ ላይ ያደረግኸውን ቦሌ ሳትደርስ ይሰሙታል።

ጥያቄ፦ ለእኅቴ ሠርግ ከእነዚህ ባንዶች አንዱን ልናስጠራ አስበናል። በቪዲዮ ያየናቸው ሰዎች ራሳቸው እንደሚመጡ በምን እርግጠኛ መሆን እንችላለን?
(ከልደታ)

መልስ፦ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በምንም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሁሉንም ሰው በስም ለማስገደድ ግን አይሞክሩ፤ ዋጋው ይንራል፤ አንዱ ቢታመምም ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ። መሪው በግንባር እንዲገኝ፣ ስንት ተጫዋች እንደሚመጣ፣ የትኞቹ መሣሪያዎች እንደማይቀሩ ይጻፍ። በቪዲዮው ላይ ልባችሁን የነካው አንድ የተለየ ሰው ከሆነ፣ ድምፃዊትም ትሁን ሳክስፎን ተጫዋች፣ እርሱን ብቻ በስም አስጽፉና እርሱ ካልተገኘ ከክፍያው ምን ያህል እንደሚቀነስ ተስማሙ። ቀብዱን ከመስጠታችሁ በፊት የድምፅ መሣሪያውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነም ጠይቁ፤ በእኔ ግምት ከጭቅጭቁ እኩሌታው የሚነሣው ከዚህ ነው።

ያልጠየቁኝን ልመልስና፣ ጃዝ ባንድ ምሳው እስኪነሣ ድረስ እጅግ ያማረ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እናቶች የሠርግ ዘፈን ይፈልጋሉ። ባንዱ ሙሽራዬን፣ ጉራግኛንና ኦሮምኛን በሚገባ የሚጫወት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የማይችሉትን ለመሸፈን ረጅም ሶሎ ይጫወታሉ።

ጥያቄ፦ ሳክስፎን ተጫዋች ነኝ። በአንድ ተለዋዋጭ ባንድ ውስጥ ገብቼ ስቱዲዮ ድረስ ሄጄ ተቀርጫለሁ፤ ከአንዱ ዘፈን ላይ ያለውን መግቢያ ዜማ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። አልበሙ ሲወጣ የመሪው ስም ብቻ ተጽፏል። ምን መብት አለኝ?
(ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ሁለት ጉዳዮችን የያዘ ስለሆነ ለያይተን እንያቸው። የመጀመሪያው መጫወትዎ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ጎን ለጎን ለከዋኙም (ሙዚቃውን ለሚጫወተው ሰው) መብት ይሰጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሎም ሥራ ላይ ይገኛል። አጨዋወትዎን መቅረጽም ሆነ የተቀረጸውን ማባዛት የእርስዎን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ስቱዲዮ ገብተው የተጫወቱት ለመቀረጽ መሆኑን አውቀው ስለሆነ፣ ክርክሩ ያለው ፈቃዱን ለምን ያህል ነገር ሰጡ በሚለው ላይ ነው። የፈረሙት ወረቀት ካለ ያንብቡት፤ ከሌለ ክፍያ የተቀበሉበትን ማስረጃና በቀረጻው ዙሪያ የተለዋወጣችሁትን መልእክት ይሰብስቡ።

ሁለተኛው የመግቢያው ዜማ ነው፤ ይህ ከከዋኝነት አልፎ የደራሲነት ጥያቄ ነው። በተለዋዋጭ ባንድ ውስጥ ይህ ችግር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበዛል። መሪው ባዶ ቦታ ትቶ «እዚህ ላይ አንድ ነገር አምጣ» ይላል፤ ተጫዋቹ ያመጣውን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ተጫዋች ከቅጂው አጥንቶ ይጫወተዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ አይገኝም። አልፎ አልፎ የተጫወቱት ሶሎ የአጨዋወት አካል ሊባል ይችላል። በየመድረኩ እንዲደገም የተደረገ፣ ዘፈኑ የሚታወቅበት መግቢያ ግን ድርሰት ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ የእኔ እምነት ፍርድ ቤት አያቆምዎትም፤ ከመሪው ጋር በሽማግሌ መነጋገሩ ካልሆነ በቅጂ መብት ላይ የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ከእንግዲህ ወዲያ ስቱዲዮ ሲገቡ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው ይግቡ። ቀኑ፣ የዘፈኑ ስም፣ የተጫወቱት መሣሪያ፣ ያበረከቱት ዜማ ወይም ቅንብር ካለ እርሱም ተጽፎበት መሪው ይፈርምበት። በሸክላው ዘመን በወረቀቱ ላይ በአብዛኛው የሚጻፈው የድምፃዊውና የባንዱ ስም ብቻ ስለነበር፣ ዛሬ የድሮ ሥራዎችን እንደገና የሚያሳትሙ ሰዎች ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ለማወቅ በሕይወት ያሉትን ሙዚቀኞች እየዞሩ መጠየቅ ግድ ሆኖባቸዋል። አሁን ዘፈን በኢንተርኔት ሲለቀቅ የተጫዋቾቹ ስም የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ባዶ የሚቀረው የሚጭነው ሰው ስላልሞላው ነው። አልበሙ አስቀድሞ ተለቅቆም ቢሆን መረጃውን ማረም የሚቻል በመሆኑ፣ የስሙን ጉዳይ ከገንዘቡ ጉዳይ ለይተው ዛሬውኑ ለመሪው በጽሑፍ ያመልክቱ።